«ሃቭ ዩ ኤቨር» ሲባል «ኖ» ማለት ብቻ አይበቃም

በአሜሪካ በየሐበሻው ቤት የሚዞር አንድ ምክር አለ። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ካለና እንግሊዝኛው ከሥራ ቦታ የተለቃቀመ ከሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ቡና መጠጫው ድረስ ይህንኑ ይሰማል። «‹ሃቭ ዩ ኤቨር› ብሎ ከጀመረ ‹ኖ› በል። ‹ዱ ዩ› ወይም ‹አር ዩ ዊሊንግ› ብሎ ከጀመረ ‹የስ› በል። አለቀ፣ ዜጋ ሆንክ!»

ምክሩ በክፋት አይሰጥም። የሚሰጡትም ሰዎች በዚያው በር ያለፉ ናቸው። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ «ሃቭ ዩ ኤቨር» በሚሉ ጥያቄዎች የተሞላ ነው። «ኤቨር» የምትለዋ ቃል በፎርሙ ላይ ጎላ ብላ በትልልቅ ፊደላት ተጽፋ ትታያለች። በሰው ግድያ ተሳትፈህ ታውቃለህ? አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ? ታስረህ ታውቃለህ? ለባለሥልጣን ሐሰተኛ መረጃ ሰጥተህ ታውቃለህ? ለአብዛኛው ሰው የእነዚህ ሁሉ እውነተኛ መልስ «ኖ» ነው።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራ አቋራጭ ሰውን ያዘናጋል። ቃለ መጠይቁ የሚጀመረው ግን እጅ አንሥቶ እውነቱን ለመናገር በመማል ነው። ከመሐላ በኋላ ሳይገባ የወጣ «ኖ»፣ ከውሸት ጋር መልኩ አንድ ነው። ጠያቂው የሚያየው መልሱን እንጂ የመላሹን ልብ አይደለም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

አንዲት የ52 ዓመት እናት ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ግሪን ካርድ ካገኘች 9 ዓመቷ ነው። ዕድሜው 50 ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ሰው፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው፣ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ይሆንና በአስተርጓሚ ይጠየቃል። እሷ በሁለቱም አትገባም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጠየቋ ነው። የ17 ዓመት ልጇ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ፎርሙን ይዛ ታለማምዳታለች።

«እማዬ፣ እኔ ኦፊሰሩ ነኝ፣ እሺ?»

«እሺ ልጄ።»

«ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን አሬስትድ?»

«ኖ።»

«ሃቭ ዩ ኤቨር ክሌይምድ ቱ ቢ ኤ ዩ ኤስ ሲቲዝን?»

«ኖ።»

«ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ሜሪድ?»

«ኖ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማዬ! አባዬ ታዲያ ምንሽ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ‹ሃቭ ዩ ኤቨር› ሲሉሽ ‹ኖ› በይ ተብዬ እኮ ነው!»

ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ኦፊሰሩ ‹ሃቭ ዩ ኤቨር ማለት ምን ማለት ነው?› ቢልሽስ?» እናት ዝም አለች። እንዲህ ያለው ጥያቄ ደግሞ ይመጣል። መልሱን ሸምድዶ የመጣ ሰው የሚታወቀው በእሱ ነውና።

ይህች እናት አገር ቤት ሳለች እንግሊዝኛ ተምራለች። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በዜማ ጮኻለች። «ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ሦስተኛው ግሥ» የሚለውን ቀመር ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይታ ገልብጣለች። ፈተናም አልፋበታለች። ያልተነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የተባለ ነገር አፏ ውስጥ ያደገ፣ ከእናቷ የሰማችው ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም።

ነገሩን ከአማርኛው ጫፍ መጀመር ይሻላል።

«አክሱም ሄደህ ታውቃለህ?» ሲባል ስለ ዕውቀት የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ከተወለድክ ጀምሮ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ አንድ ጊዜም ቢሆን ሆኖ እንደሆነ ነው። ትናንት የሄደም ከ30 ዓመት በፊት የሄደም መልሱ አንድ ነው፦ «ሄጄ አውቃለሁ።» ቀን አይጠየቅም፣ ዓመት አይቆጠርም። የእንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር» ይኸው ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም። «ኔቨር» ደግሞ «አላውቅም» ነው። «ታስሬ አላውቅም፤ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ።»

ይህን ያወቀ ሰው «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ሜሪድ» ሲባል አይሳሳትም። «አግብተሽ ታውቂያለሽ?» ነውና። «የዱሮ ነገር ስለሆነ አይቆጠርም» የሚለውም ስህተት አብሮ ይጠፋል። የእስሩ ጥያቄ ውስጥ «ሳይትድ» የሚል ቃል አብሮ አለ። በፖሊስ የቅጣት ወረቀት ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ ማለት ነው። ከ10 ዓመት በፊት የሆነ ነገርም በ«ኤቨር» ሥር ይገባል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ሳይደብቅ አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር አለበት። በ«ኖ» መዝለል መፍትሔ አይሆነውም።

እዚያው ጥያቄ ውስጥ «ቢን» የምትለዋን ትንሽ ቃል ልብ በሉ። «ሃቭ ዩ ኤቨር አሬስትድ» ቢል «ሰው አስረህ ታውቃለህ?» ማለቱ ነበር። «ቢን» ስትገባ «ታስረህ» ሆነ። አማርኛ «አስረህ» እና «ታስረህ» ብሎ በአንዲት «ተ» የሚለየውን እንግሊዝኛ በ«ቢን» ይለየዋል።

ከዚህ በኋላ ተውላጠ ስሞቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩት በአሠራር ነው። ነገሩ ያው ነው።

«ኖሬያለሁ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጎ ማየት ነው። «ኖሬ» እና «አለሁ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣብቀው ነው የተሠራው። «እኔ» የሚለው በግልጽ አልተጠራም፤ ግን ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ «ኖሬ» ውስጥ፣ ሌላው «አለሁ» ውስጥ። «ኖራለች» ስንል «ኖራ» እና «አለች» ነው። አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ሆድ ውስጥ ያስገባዋል። እንግሊዝኛ ግን ደጅ ያቆመዋል፦ «አይ» ለብቻው፣ «ሃቭ» ለብቻው፣ «ሊቭድ» ለብቻው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «አይ» የምትለዋን የሚዘልለው። በአማርኛ ልማዱ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ስለሚናገር፣ «ሃቭ ሊቭድ ሂር» ያለ ሰው ሁሉን የተናገረ ይመስለዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። እንግሊዝኛ ያለፈውን ነገር ከአሁኑ ጋር የሚያገናኘው በ«ሃቭ» ነው። «ሃቭ» በሌላ ቦታው ንብረትን የሚናገር ቃል ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ካር፤ መኪና አለኝ» እንደሚባለው። አማርኛ የሚያገናኘው በ«አለ» ነው፤ በመኖር። ንብረቱንም ቢሆን «አለኝ» ብሎ በዚያው በ«አለ» ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ሠርቻለሁ» የሚለው ሰው «ሠርቼ፣ ይኸው አለሁ» እያለ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደግሞ የሠራውን እንደያዘው ዕቃ ያሳያል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ነገሩ ዱሮ ቢጀምርም ዛሬን ይነካል።

«ሃቭ» የሚለወጠው ለሦስት ብቻ ነው። «ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ሲመጡ «ሃዝ» ይሆናል። ለ«አይ»፣ ለ«ዩ»፣ ለ«ዊ» እና ለ«ዜይ» እንዳለ ይቀራል። «ኖሬያለሁ፣ ኖረሃል፣ ኖረሻል፣ ኖሯል፣ ኖራለች፣ ኖረናል፣ ኖራችኋል፣ ኖረዋል» እያለ ስምንት ጊዜ ሳይሳሳት የሚለዋውጥ ምላስ፣ ሁለት ብቻ መለወጥ ሊያቅተው አይገባም። የሚያስቸግረው አነጋገሩ ነው። አሜሪካዊው ሲናገር «አይ ሃቭ» ሳይሆን «አይቭ» ይላል፤ «ሂ ሃዝ» ሳይሆን «ሂዝ»፤ «ሺ ሃዝ» ሳይሆን «ሺዝ»። በሐበሻ ጆሮ «ሂዝ» ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ «የእሱ»፣ «እሱ ነው» ወይም የ«ሂ ሃዝ» እጥር። መለያው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። «ሂዝ ካር» የእሱ መኪና ነው። «ሂዝ ሲክ» ታሟል፣ በሽተኛ ነው። «ሂዝ ሊቭድ» ኖሯል። ጆሮን ከ«ሂዝ» በኋላ ወዳለው ቃል መላክ ነው።

ጥያቄና አረፍተ ነገርን መለየትም ሌላ ራስ ምታት ነው። በአማርኛ «አልፈሻል» እና «አልፈሻል?» የሚለዩት በድምፅ ነው፤ ወይም «ወይ» ይጨመራል። እንግሊዝኛ ቦታ ያለዋውጣል። «ሃቭ ዩ» ከሆነ ጥያቄ ነው። «ዩ ሃቭ» ከሆነ ንግግር ነው። «ሃቭ» በሰማ ቁጥር «ኖ» የሚል ሰው፣ ኦፊሰሩ «ዩ ሃቭ ፓስድ ዘ ኢንግሊሽ ቴስት» ብሎ የምሥራች ሲነግረውም «ኖ» ሊል ነው!

አሁን ወደ መስተዋድዱ እንምጣ። ዋናው ጦርነት ያለው እዚህ ነው።

አማርኛ ተጠቃሚውንና ተጎጂውንም ግሡ ውስጥ ይከተዋል። «ፈርዶለታል» እና «ፈርዶበታል» የሚሉትን ማስተያየት ነው። ዳኛው ያው ነው፣ ፍርዱ ያው ነው፤ በመካከል ያሉት «ለ» እና «በ» ግን አንዱን ሰው ወደ ቤቱ፣ ሌላውን ወደ ወህኒ ይልኩታል። «ፈርዶ» እና «አል» በሚሉት መካከል «ለት» ወይም «በት» ተሰክቷል። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ አውጥቶ በተራ ያሰልፋል፦ «ዘ ጀጅ ሃዝ ሩልድ ፎር ሂም»፣ «ዘ ጀጅ ሃዝ ሩልድ አጌንስት ሂም።» መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ «ሃዝ»፣ ቀጥሎ ግሡ፣ ቀጥሎ መስተዋድዱ፣ በመጨረሻ ተውላጠ ስሙ። ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣው ተውላጠ ስም ደግሞ መልኩን ይለውጣል፦ «አይ» «ሚ» ይሆናል፣ «ሂ» «ሂም»፣ «ሺ» «ሄር»፣ «ዊ» «አስ»፣ «ዜይ» «ዜም» ይሆናል።

የሐበሻ እንግሊዝኛ መስተዋድድ የሚጥለው ከዚህ የተነሣ ነው። «አስረድቶኛል» ውስጥ «ኝ» ብቻ ስላለች «ሂ ሃዝ ኤክስፕሌይንድ ሚ» ይባላል። እንግሊዝኛው «ሂ ሃዝ ኤክስፕሌይንድ ኢት ቱ ሚ» ነው የሚፈልገው። «ጠብቄሃለሁ» «አይ ሃቭ ዌይትድ ዩ» ሆኖ ይወጣል፤ «አይ ሃቭ ዌይትድ ፎር ዩ» መሆን ነበረበት። በሌላ በኩል አማርኛው መስተዋድድ ሲኖረው ያንኑ ይዞ መሻገር ይመጣል። «ከእሷ ጋር ተጋብተናል» ያለ ሰው «ሜሪድ ዊዝ ሄር» ይላል። እንግሊዝኛው «ሜሪድ ቱ ሄር» ነው። ስለዚህ ግሥን ለብቻው መሸምደድ ትርፉ ትንሽ ነው። «ዌይት ፎር»፣ «ሊስን ቱ»፣ «ሜሪድ ቱ» እያሉ ከነጓዙ መያዝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን የጊዜው መስተዋድድ ነው። «እዚህ አገር 9 ዓመት ኖሬያለሁ» ሲባል ከ«9 ዓመት» በፊት አማርኛ ምንም አያስገባም። እንግሊዝኛ «ፎር» ይፈልጋል፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ናይን ዪርስ።» ርዝመት ከሆነ «ፎር» ነው፤ ሁለት ቀን፣ ስድስት ወር፣ 9 ዓመት። መነሻ ነጥብ ከሆነ «ሲንስ» ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ፣ ከ2016 ጀምሮ፣ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ። መለያው በአማርኛው ቀላል ነው፦ «ከ… ጀምሮ» ማለት ከቻልክ «ሲንስ»፣ ካልቻልክ «ፎር»። «ሲንስ ናይን ዪርስ» የሚለው ስህተት በዚህ ይቀራል።

«ሲንስ» ሌላም ጣጣ አላት፤ ዓመተ ምሕረት ትጠይቃለች። ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጋር ያደገ ሰው ደግሞ ያገባበትንና የወለደበትን ዓመት በልቡ የያዘው በዚያው ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መጨመር አለበት። በፎርሙ ላይ አንድ ዓመት፣ በአፍ ሌላ ዓመት መናገር ከእንግሊዝኛ ስህተት የከፋ ጥርጣሬ ያመጣል። ቀኖቹን አስቀድሞ ለውጦ መያዝ ይገባል።

ደስ የሚለው ግን አማርኛ እዚህም ላይ ድልድይ አለው። ማንም ሐበሻ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» ሲባል «ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ» ይላል። ሰውዬው ባለቤት አይደለም፤ ጊዜው ነው ባለቤቱ፤ ሰውዬው «ኝ» ሆኖ ጭራው ላይ ተቀምጧል። እንግሊዝኛም እንዲህ ይላል፦ «ኢት ሃዝ ቢን ናይን ዪርስ ሲንስ አይ ኬም።» «ሆነ» ያለው «ሃዝ ቢን» ነው፣ «ከመጣሁ» ያለው «ሲንስ አይ ኬም» ነው። ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገለበጠ። በአማርኛ እያሰቡ ትክክለኛ እንግሊዝኛ መናገር ከሚቻልባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ «ቢን» ከ«ቱ»፣ ከ«ኢን» እና ከ«አውት ኦቭ» ጋር ስትገጥም ነው። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ማለት ዱባይ ሄዷል፣ እዚህ የለም ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ዱባይ ሄዶ ያውቃል፣ ተመልሷል ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ኢን ዱባይ ፎር ቱ ዪርስ» ዱባይ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁንም እዚያ ነው ማለት ነው። «ሄዷል» እና «ሄዶ ያውቃል» ለሚል ሰው ልዩነቱ አዲስ አይደለም። «ሄዷል» «ጎን ቱ» ነው፣ «ሄዶ ያውቃል» «ቢን ቱ» ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም በ«ጎ» ስለሚያስባቸው «አይ ሃቭ ጎን ቱ ኢትዮጵያ» ይላል። ኦፊሰሩ ፊት ቁጭ ብሎ «ኢትዮጵያ ሄጃለሁ፣ እዚህ የለሁም» እንደማለት ነው።

ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ከአገር የወጣባቸው ቀኖች ይቆጠራሉ። በተለመደው መንገድ የሚያመለክት ሰው ካለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ 30 ወር አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት አለበት። አንድ ጉዞ ከ6 ወር ካለፈ ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ሊቆጠርበት ይችላል፤ እንዳልተቋረጠ ማስረዳትም የእሱ ፋንታ ይሆናል። ስለዚህ «ሃው ሜኒ ታይምስ ሃቭ ዩ ቢን አውት ኦቭ ዘ ካንትሪ?» ሲባል የተጠየቀው ስንት ጊዜ ወጣህ ነው። «ሃው ሎንግ» ካለ ለምን ያህል ጊዜ ነው። አንዱ በቁጥር፣ ሌላው በ«ፎር» ይመለሳል። «ስሪ» ሲሉት ሦስት ጊዜ ይሁን ሦስት ወር የሚለየው ቀጥላ የምትመጣው ቃል ናት።

አራተኛው ወጥመድ ትዳር ውስጥ ይገባል። «አይ ሃቭ ቢን ሜሪድ ቱ ሂም ፎር ትዌንቲ ዪርስ» ያለች ሴት ትዳሯ ዛሬም አለ። «አይ ዋዝ ሜሪድ ቱ ሂም ፎር ትዌንቲ ዪርስ» ካለች ግን ሰሚው የሚረዳው ትዳሩ አብቅቷል ብሎ ነው። «ዋዝ» በሩን ዘጋ፣ «ሃቭ ቢን» ክፍት አደረገው። ባልን ወይም ሚስትን ለማምጣት በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህች አንዲት ቃል ምን ልታደርግ እንደምትችል መገመት አያስቸግርም። አማርኛም «ሃያ ዓመት በትዳር ኖረናል» እና «ሃያ ዓመት በትዳር ኖረን ነበር» ሲል ያው ልዩነት አለው። «ነበር» የምትለዋን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ሰሚውም «ዋዝ» ሲሰማ እንዲያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አማርኛ «በ2016 መጥቻለሁ» ቢባል ይቀበላል። እንግሊዝኛ ያለቀ ቀን ከተጠራ «ሃቭ» አይወድም። «አይ ኬም ኢን 2016» ይበቃል። ቀን ከጠራህ «ሃቭ» አትጥራ። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ከቀጠለ ግን «ሲንስ» እና «ሃቭ» አብረው ይመለሳሉ።

የመጨረሻው ወጥመድ አሉታው ነው። አማርኛ «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ብሎ ይለያል፤ ወደ አሉታ ሲዞር ግን ሁለቱም «አልበላሁም» ይሆናሉ። ልዩነቱ ይጠፋል። ለዚህ ነው «አይ ሃቭ ኖት» ማለት ያለበት ሰው «አይ ዲድ ኖት» የሚለው። በተራ ወሬ ላይ ብዙ አይጎዳም። አሜሪካውያን ራሳቸው «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይላሉ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ «ሃቭ ዩ ኢተን የት?» ቢልም። የሚጎዳው ጥያቄው ራሱ አሉታ ይዞ ሲመጣ ነው። በኤን-400 የቀድሞ እትም ላይ «ግሪን ካርድ ካገኘህ ጀምሮ ግብር ሳታሳውቅ የቀረህበት ጊዜ አለ ወይ?» የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ ነበር፤ በእንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር ኖት ፋይልድ» ብሎ የሚጀምር። ግብሩን በየዓመቱ ያሳወቀ ሰው ኩራት ይሰማውና «የስ!» ይላል። ሳያውቀው ጥፋት አመነ።

«አልመጣህም?» ሲባል «አዎ፣ አልመጣሁም» ማለት በአማርኛ ያለ ነው። «አዎ» ከጠያቂው ጋር መስማማት ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ከጠያቂው ጋር አይስማማም፤ ነገሩ ሆኗል ብሎ ይመሰክራል። ስለዚህ «ሃቭንት ዩ» ብሎ ለሚጀምር ጥያቄ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ማቆም አደጋ ነው። ሙሉውን መናገር ይሻላል፦ «ኖ፣ አይ ሃቭ ኔቨር ቢን አሬስትድ።» «የስ፣ አይ ሃቭ ፋይልድ ማይ ታክስስ ኤቭሪ ዪር።» ሙሉ አረፍተ ነገር የተናገረ ሰው፣ «የስ» እና «ኖ» ቢያምታቱበት እንኳ ሐሳቡ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ለ52 ዓመት እናት ማስተማር ይቻላል ወይ? ይቻላል። የሰዋስው መጽሐፍ አያስፈልግም። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ እናቷን «እማዬ፣ ‹ሃቭ ዩ ኤቨር› ማለት ‹ታውቂያለሽ?› ነው» ብትላት የአንድ ማታ ሥራ ነው። ሁለተኛው ማታ ለ«ፎር» እና ለ«ሲንስ»፣ ሦስተኛው ለ«ቢን ቱ» እና ለ«ጎን ቱ»፣ አራተኛው ለ«ዋዝ» እና ለ«ሃቭ ቢን»። ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ ነው። ልምምዱም በእናትየው ሕይወት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከማን ጋር ተጋባች፣ የት የት ኖረች፣ ስንት ጊዜ ከአገር ወጣች፣ እስከ መቼ ቆየች። የራስ ታሪክ አይረሳም፤ የተሸመደደ መልስ ግን ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር ነው።

ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ «ሲንስ ናይን ዪርስ» ሲሉ ሰው ፊት አታርሟቸው፣ በሳቅም አትለፏቸው። ቤት ስትገቡ ከአማርኛው ጀምራችሁ አሳዩአቸው። እናንተ በእንግሊዝኛ የማታውቋቸውን «ለት» እና «በት» ግሥ መካከል ሳይሳሳቱ የሚሰኩ ሰዎች ናቸው። ስምንት ተውላጠ ስም በአንድ ትንፋሽ የሚያዞር ምላስ ሰነፍ አይደለም።

ምክር ሰጪዎችም «ኖ በይ፣ ይለፍ» የሚለውን ተዉት። እናት 9 ዓመት ሌሊት ሠርታ፣ ግብር ከፍላ፣ ልጅ አሳድጋ፣ በመጨረሻው ቀን የራሷን ታሪክ «ኖ» በሚል አንድ ቃል እንድትሸፍነው ማድረግ ሞገስ የለውም። ለመቅረብ መብት ያላት ስለኖረች ነው። ያንንም በራሷ አፍ፣ ገብቷት መናገር አለባት፦ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ናይን ዪርስ።» ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ውስጡ «አለሁ» አለበት።